ኃያላኑ ለምን አልተዋጉም?

ደብረ ኤልያስ ውስጥ በእርሻ ወሰን የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። ሁለቱም ጠመንጃ አላቸው። አንዱ ቢተኩስ ሌላውም ይተኩሳል፤ ለቅሶው ከሁለቱም ቤት ይገባል። ስለዚህ እየተፈራሩ ያርሳሉ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረትም እንደዚሁ ነበሩ። የእነሱ መሣሪያ ግን አቶሚክ ቦምብ ነው፤ አንዱ ብቻውን ከተማ ያጠፋል።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ሶማሊያን ስታስታጥቅ የኖረችው ሶቪየት ኅብረት ወደ ኢትዮጵያ ዞረች፤ ኩባም ወታደር ላከች። አሜሪካ አልዘመተችም። ነገር ግን የኢትዮጵያ ጦር ድንበር እንዳይሻገር አጥብቃ ጠየቀች፤ ሶቪየትም ቃል ገባች። በ1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ስትመለስ ጦራችን ድንበሩ ላይ ቆመ።

ታዲያ መፈራራቱ ማንን ጠበቀ? እኛ እንደምናየው ኃያላኑን ነው። በዚህ ጦርነት እነሱ አንዲት ጥይት አልተተኳኮሱም። ኦጋዴን ላይ ከወደቁት መካከል በየገበሬ ማኅበሩ ተመልምለው የዘመቱ፣ ሞፈር የለመደ እጃቸው ጠመንጃ ያነሣ ሚሊሺያዎች ብዙ ነበሩ።