የተሐድሶ ሕክምና ተመራማሪ ለመሆን፦ የሥልጠናና የምርምር ገንዘብ መንገዶች ከጎጃም ተሞክሮ

መግቢያ

የተሐድሶ ሕክምና ሲባል በበሽታ፣ በአደጋ ወይም ከውልደት ጀምሮ ባለ ጉዳት ምክንያት የቀነሰውን የሰውነት ወይም የአእምሮ ተግባር ለመመለስ፣ መመለስ ባይቻል እንኳ ታማሚው ከነጉዳቱ ራሱን ችሎ እንዲኖር ለማብቃት የሚደረግ እንክብካቤ ነው። ፊዚዮቴራፒ፣ የሰው ሠራሽ አካል ሥራ፣ ያበጠ እግር እንክብካቤና ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ሁሉ በዚሁ ሥር ይጠቃለላሉ። እ.ኤ.አ. የ2019ን መረጃ መሠረት አድርጎ በተሠራ ዓለም አቀፍ ስሌት መሠረት 2.41 ቢሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕክምና ሊጠቀሙ የሚችሉ ናቸው። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ተሐድሶን በጤና ሥርዓት ውስጥ ስለማጠናከር ውሳኔ አሳልፏል።

ይሁንና ውሳኔ ብቻውን በጀት አያስገኝም። ጤና ቢሮም ሆነ ሆስፒታል ለአንድ አገልግሎት ገንዘብ ከመመደቡ በፊት አገልግሎቱ ይሠራል ወይ? ምን ያህል ያስወጣል? በየትኛው ባለሙያ ሊሰጥ ይችላል? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን የሚያስገኘው ምርምር ነው፤ ምርምሩ ደግሞ የሠለጠነ ሰውና ገንዘብ ይሻል።

የጎጃም ተሞክሮ

ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከደምበጫ ገጠር ወደ ጤና ጣቢያ ከሚመጡ ሕሙማን መካከል እግራቸው ያበጠ ገበሬዎች ይገኙበታል። ፖዶኮኒዮሲስ በልማድ ዝሆኔ ከሚባሉት የእግር እብጠቶች አንዱ ሲሆን፣ የሚመጣውም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር በመሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በምዕራብ ጎጃም ደምበጫና በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስ ወረዳዎች 17,553 ቤተሰቦችን ዳስሶ 1,704 ሕሙማንን አግኝቷል፤ የበሽታው ስርጭትም 3.3 በመቶ ነበር። አብዛኞቹ ሕሙማን በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች ነበሩ።

ከዚህ ቀጥሎ በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ተካሄደ። ሕሙማኑ በዕጣ በሁለት ተመድበው፣ አንደኛው ቡድን ወዲያውኑ፣ ሌላው ከአንድ ዓመት በኋላ እንክብካቤውን እንዲያገኝ ተደረገ። እንክብካቤው እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ የእግር እንቅስቃሴ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማዘውተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት መሠረት፣ እግርን የሚያቃጥለውና ሕመምተኛውን አልጋ ላይ የሚጥለው የእብጠት ግርሻ ቶሎ እንክብካቤ ባገኙት ላይ በአማካይ በዓመት 19.4 ጊዜ፣ በቆዩት ላይ ደግሞ 23.9 ጊዜ ታይቷል። ልዩነቱ አነስተኛ ቢመስልም በእርሻና በአጨዳ ወቅት ለሚኖር አንድ ገበሬ የሚተርፉት የሥራ ቀናት ቀላል አይደሉም።

ለሙከራው ገንዘብ የሰጡት ዌልካም ትረስት፣ የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስልና በዚያን ጊዜ የነበረው የብሪታንያ የዓለም አቀፍ ልማት መሥሪያ ቤት በጋራ ነበሩ። ከዚያም እንክብካቤውን በመንግሥት ጤና ተቋማት አማካይነት ለማዳረስ የሚያስችል ጥናት በአዊ ዞን ሲካሄድ፣ የብሪታንያ ብሔራዊ የጤናና እንክብካቤ ምርምር ተቋም ገንዘቡን ሰጥቷል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ሲዲቲ አፍሪካም ተሳትፎበታል።

ከዚህ ቅደም ተከተል የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በመጀመሪያ የችግሩ ስፋት ተቆጠረ፤ ቀጥሎ መፍትሔው ተፈተነ፤ በመጨረሻም መፍትሔው በሥርዓቱ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ተጠና። አንዱ ጥናት ለሚቀጥለው መነሻ ሆኗል። በቁጥር የተደገፈ መነሻ የሌለው ጥያቄ ግን የቱንም ያህል እውነት ቢሆን ገንዘብ ሰጪን ለማሳመን ይቸገራል።

የሥልጠና ዕድሎች

በአገራችን ተሐድሶን ከሥልጠና ጋር ማስተሳሰር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት በስሙም ሳይቀር የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ተሐድሶና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ተነሣ፤ በ1970 ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከጎኑ ተቋቋመ። ሕክምና፣ ማሠልጠኛና ምርምር በአንድ ግቢ እንዲገናኙ መደረጉ ለኋለኞቹ ተቋማት ጥሩ አርአያ ነው።

ለአማራ ክልል ባለሙያ ቅርብ የሆነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረገው የ10 ዓመት መርሐ ግብር ለ450 ወጣቶች ነፃ የትምህርት ዕድል መስጠትን፣ እስከ 60 የሚደርሱ መምህራንን በኩዊንስ በማስተርስና በዶክትሬት ማስተማርን፣ እንዲሁም በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ዲግሪ ትምህርት ማስጀመርን በዕቅዱ አካትቷል።

ሥራውን ሳይለቅ ምርምር መማር ለሚሻ ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ቲዲአር ከአጋሮቹ ጋር ያዘጋጀው ሶርት ኢት የተባለ ሥልጠና ምሳሌ ይሆናል። ሠልጣኙ ጥያቄውን ከራሱ የሥራ ቦታ ይዞ ይቀርባል፤ የጥናት ዕቅድ ያዘጋጃል፤ በተቋሙ መዝገብ ያለውን መረጃ ይተነትናል፤ በመጨረሻም ለኅትመት የሚበቃ ጽሑፍ ይጽፋል።

የገንዘብ ምንጮችና ጥንቃቄያቸው

የምርምር ገንዘብ በሦስት ደረጃ ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲዎች ለመመረቂያና ለመለስተኛ ጥናቶች የሚሰጡት ነው። ሁለተኛው ለግለሰብ የሚሰጥ ፌሎሺፕ ሲሆን፣ የተመራማሪውን ደመወዝና ሥልጠና ይሸፍናል። ሦስተኛው ለቡድን የሚሰጥ የፕሮጀክት ገንዘብ ነው። በሶዶ ወረዳ 166 የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን የተሳተፉበትና ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ የአካል ጉዳተኝነትን ደረጃ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳየው ሙከራ፣ የተሐድሶ ጥያቄ በአጥንትና በነርቭ ጉዳት ብቻ እንደማይወሰን ያስረዳል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 በሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ የሕክምና ተሐድሶ ምርምር ማዕከል ለዘርፉ የተለየ ገንዘብና ሥልጠና የሚመድብ ተቋም ነው። ሆኖም የውጭ ገንዘብ ሁልጊዜ የሚያስተማምን አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በግንቦት 2025 ገንዘብ ወደ ውጭ አገር አጋሮች በንዑስ ውል የሚተላለፍበትን ሥርዓት እንደሚቀይሩ አስታውቀዋል። ብሪታንያም በዚያው ዓመት የውጭ ዕርዳታዋን እንደምትቀንስ ገልጻለች። ስለዚህ አመልካች በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ መመካት አይገባውም።

ከየት ይጀመራል?

በቡሬ ጤና ጣቢያ ወይም በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ለሚሠራ ባለሙያ የመጀመሪያው እርምጃ ወደ መዝገቡ መመለስ ነው። እግሩ ተቆርጦ ከሆስፒታል ከወጣ ሰው መካከል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኘው የባሕር ዳር የአካል ተሐድሶ ማዕከል የደረሰው ስንቱ ነው? በስትሮክ ከታመሙት ውስጥ ፊዚዮቴራፒ ያገኘው ስንቱ ነው? የእግር እብጠት እንክብካቤ የተማረ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ይመለሳል ወይ? እነዚህን ለመቁጠር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

ቀጥሎ በአቅራቢያ ካለ ዩኒቨርሲቲ አማካሪ መፈለግ፣ የጥናቱን ዕቅድ ለሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ማቅረብና ፈቃድ ማግኘት ይገባል። የታማሚውን አቅም ለመለካት አዲስ መጠይቅ ከመፍጠር ይልቅ በአማርኛ የተፈተሸውን የዓለም ጤና ድርጅት የአካል ጉዳተኝነት መለኪያ መጠቀም ውጤቱን ከሌሎች ጥናቶች ጋር ለማነጻጸር ይረዳል። በመጨረሻም ዕቅዱ የክልሉን የጸጥታ ሁኔታ፣ የመንገድ መዘጋትንና የሕሙማንን ደኅንነት ያገናዘበ መሆን ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

የተሐድሶ ምርምር ገንዘብ የሚገኝባቸው ተቋማት ሩቅ ናቸው፤ ጥያቄው ግን በየጤና ጣቢያው ደጃፍ ተቀምጧል። የደምበጫው ቆጠራ ባይኖር ኖሮ የአነደዱን ሙከራ አስፈላጊነት ለማስረዳት መነሻ ባልተገኘም ነበር። ዛሬ በሥርዓት የተሞላ አንድ መዝገብ ነገ ለሚቀርብ የገንዘብ ጥያቄ የመጀመሪያው ገጽ ነው።