የመድኃኒት ሽርክናና ገንዘቡ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአምባ ጊዮርጊስ በሽተኛ የሚውጠው ክኒን፥ በአገር ውስጥ የተሠራ ቢሆን እንኳ፥ ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ስለዚህ አነስተኛ የአገር ኩባንያ ከታላቅ የውጭ ኩባንያ ጋር ሲሻረክ አክሲዮን የሚገዛበት ብር ብቻ አይበቃውም።

ሜድቴክ ኢትዮጵያ ከዐረብ ኤምሬትሱ ጁልፋር ጋር በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፋብሪካ ሲከፍት ድርሻው 45 በመቶ፥ የጁልፋር 55 በመቶ ነበር። መዋጮ የሌለው ሸሪክ፥ እውነቱን እንናገርና፥ ከሻጭ ወኪልነት አያልፍም።

አስቸጋሪው ግን የውጭ ምንዛሪው ነው። ባንክ ብሩን ቢያበድርም፥ ለጥሬ ዕቃው የሚከፈለው ዶላር ካልተገኘ የፋብሪካው መኪናዎች ይቆማሉ፤ የብድሩ ወለድ ግን መቆጠሩን አይተውም። በሌላ አገር ብዙ ፋብሪካ ያለው የውጭ ሸሪክ ይህን ሊታገሠው ይችላል፤ የአገሩ ኩባንያ ግን ባንኩ የዕዳውን ጊዜ ካላራዘመለት በዋስትና ያስያዘውን ንብረት ያጣል።