ትሪኮደርማ ሪሴይ፦ ጂኑ ጥቂት፣ ኢንዛይሙ ብዙ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በደቡብ ፓስፊክ ደሴቶች የሰፈረውን የአሜሪካ ጦር የጥጥ ድንኳኑና ትጥቁ በሙቀትና በእርጥበት እየበሰበሰ አስቸገረው። የተበላሹት ጨርቆች ተሰብስበው ሲመረመሩ ከሰሎሞን ደሴቶች በመጣ ናሙና ላይ አንድ ሻጋታ ተገኘ፤ መለያውም ኪው ኤም 6 ኤ ተባለ። ኤልዊን ሪስና ሜሪ ማንደልስ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ናቲክ በሚገኘው የጦሩ ቤተ ሙከራ ለብዙ ዓመታት አጠኑት። መነሻቸው ጥጥን ከብስበሳ ማዳን ነበር። ጥጥ ግን ሴሉሎስ ነው፤ ሻጋታውም ሴሉሎስን ቆራርጠው ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞችን ከሰውነቱ ወደ ውጭ ያመነጫል። ይህን ሲረዱ ጠላት የነበረው ሻጋታ ሠራተኛ ሆኖ ታያቸው። በ1977 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሪስ ስም ትሪኮደርማ ሪሴይ ተብሎ ተሰየመ።

ዛሬ ኢንዛይሞቹ ጂንስ ሱሪን ለማደብዘዝ፣ በልብስ ሳሙና፣ በእንስሳት መኖና ከሰብል ተረፈ ምርት ነዳጅ ለማውጣት ያገለግላሉ። ፋብሪካዎች የሚጠቀሙባቸው ዝርያዎች የዘር ሐረጋቸው ወደዚያው ወደ ኪው ኤም 6 ኤ ይመለሳል።

በ2008 የሻጋታው ሙሉ ዲ ኤን ኤ ተነቦ ሲታተም ብዙዎች ተገረሙ። ከ9,000 በላይ ጂኖች ተቆጠሩ፤ ሴሉሎስ የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን የሚያሠሩት ግን ዕፅዋት ከሚያበሰብሱ ሌሎች ፈንገሶች ያነሱ ነበሩ። ታዲያ ይህን ያህል ኢንዛይም ከየት ይመጣል? መልሱ ያለው ጥቂቶቹ ጂኖች በሚነበቡበት ጉልበት ላይ ነው። ሲ ቢ ኤች 1 የተባለው አንድ ጂን ብቻ ሻጋታው ወደ ውጭ ከሚያወጣው ፕሮቲን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ያስገኛል። ስለዚህ ይህን ሻጋታ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አንድ ጂን በምን ሰዓት፣ በምን ምግብ ላይ፣ ምን ያህል እንደሚነበብ መለካት አለበት።

አንድ ጂን ሲነበብ በአር ኤን ኤ ይገለበጣል፤ የሚቆጠረውም ይህ ግልባጭ ነው። የሻጋታው ክሮች ተጣርተው ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዛሉ፤ እንደቀዘቀዙም ይፈጫሉ። ችኮላው ምክንያት አለው፦ አር ኤን ኤ ቶሎ ይሰባበራል፣ ሻጋታውም ከምግቡ በተለየ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያነባቸውን ጂኖች ሊቀይር ይችላል። አር ኤን ኤው ተጣርቶ ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለበጥና በኮሮና ጊዜ ሁሉም ሰው ስሙን በለመደው በፒ ሲ አር ይባዛል። መሣሪያው ከቅጂዎቹ ጋር የሚጨምረውን የብርሃን መጠን በየዙሩ እያነበበ፣ ናሙናው በስንተኛው ዙር ከተወሰነ መስመር እንዳለፈ ይመዘግባል። በእያንዳንዱ ዙር ቅጂው በእጥፍ ስለሚያድግ የአንድ ዙር ልዩነት የሁለት እጥፍ ልዩነት ነው፤ ሦስት ዙር ከሲሶ ገደማ ደግሞ አሥር እጥፍ።

አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ሁለት ናሙናዎችን ለማወዳደር ሲሞከር ነው። ከአንዱ ብዙ፣ ከሌላው ጥቂት አር ኤን ኤ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የሻጋታውን ክብደት መዝኖ ማካፈልም ሁልጊዜ አይቻልም፤ ሴሉሎስ ላይ ሲያድግ ክሮቹ ካልተበላው ሴሉሎስ ጋር ተጠላልፈው አንዱን ከሌላው ለይቶ መመዘን ያስቸግራል። ስለዚህ በሁሉም ሁኔታ እኩል ይነበባል ተብሎ የሚታመን ሌላ ጂን ማነጻጸሪያ ይሆናል። ይህ ጂን እንደ ሚዛን ድንጋይ ነው፤ ራሱ ከቀለለ የተመዘነው ሁሉ የከበደ ይመስላል። ሻጋታው ከግሉኮስ ስኳር ወደ ሴሉሎስ ሲዛወር ማነጻጸሪያው በግማሽ ቢቀንስ፣ ምንም ያልተለወጠ ጂን በእጥፍ አደገ ተብሎ ይጻፋል።

ለረጅም ጊዜ በልማድ የሚመረጡት አክቲንን የሚያሠራው ጂንና ጂ ፒ ዲ 1 ነበሩ። ሁለቱም የሚያጠራጥሩ ናቸው። ጂ ፒ ዲ 1 ስኳር በሚሰባበርበት መንገድ ላይ የሚሠራ ኢንዛይም ጂን ነው፤ ሙከራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀይረው ያንኑ ስኳር ነው። አክቲን ከክሮቹ እድገት ጋር የተሳሰረ ነው፤ በግሉኮስና በሴሉሎስ ላይ ያለው የእድገት ፍጥነት ደግሞ በእጅጉ ይለያያል።

በ2010 በቪየና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልማዱን ወደ ጎን ትተው ዕጩ ጂኖችን በተለያዩ የእድገት ሁኔታዎች ፈተኑ። በጣም ረግቶ የተገኘው ኤስ ኤ አር 1 ነበር፤ በሕዋሱ ውስጥ አዲስ ፕሮቲኖች ታሽገው ወደ ውጭ የሚጓዙበትን መንገድ ከሚያስጀምሩት አንዱ ነው። ይህ ውጤት ደስ ይላል፤ ምክንያቱም በሐሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አይመርጠውም ነበር። ፕሮቲን ወደ ውጭ በመላክ የሚታወቅ ፍጡር፣ ብዙ በሚልክበት ጊዜ የመላኪያውን ጂን ከፍ ያደርጋል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። መረጃው ግን ሌላ ተናገረ።

እንዲህ ላለው ፈተና የሒሳብ መሣሪያዎች አሉ። በ2002 ከጌንት ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጂኖርም ዕጩዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ንጽጽራቸው በሁሉም ናሙናዎች የማይለወጠውን ይፈልጋል። ድክመቱ፣ በአንድ ተቆጣጣሪ ሥር አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ሁለት ጂኖችን የረጉ አድርጎ ማሳየቱ ነው፤ ስለዚህ ዕጩዎቹ ሥራቸው የተለያየ ሊሆን ይገባል። ከአር ኤን ኤው ጋር የተረፈ የሻጋታው ዲ ኤን ኤ ቁጥሩን እንዳያሳብጥም ወደ ዲ ኤን ኤ ያልተገለበጠ ናሙና አብሮ ይፈተሻል። በ2009 የታተመው ኤም አይ ኪው ኢ የተባለ መመሪያ ተመራማሪዎች የማነጻጸሪያቸውን መርጋት በማስረጃ እንዲያሳዩ ይጠይቃል።

ሲ ቢ ኤች 1ን ብቻ ለሚለካ ሰው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ጂኑ ከግሉኮስ ይልቅ በሴሉሎስ ላይ ከሺህ እጥፍ በላይ ስለሚነበብ የሁለት እጥፍ ስህተት አይሸፍነውም። የኢንዛይም ጂኖቹን የሚያስነሳው ኤክስ ዋይ አር 1 ግን እንዲህ በሺህ አይዘልም። የእሱ ለውጥ ጥቂት እጥፍ ብቻ በሚሆንበት ሙከራ፣ ግማሹን የሳተ ማነጻጸሪያ የሌለ ለውጥ ሊፈጥር፣ ያለውንም ሊደብቅ ይችላል። የተሻለ ዝርያ የሚፈልግ ቤተ ሙከራ ደግሞ በአብዛኛው የሚያሳድደው እንዲህ ያሉ ትንንሽ ልዩነቶችን ነው።