ዘመናዊነት ምንድር ነው?

«ዘመናዊ» የሚለው ቃል ከሰው ሁሉ አፍ አይጠፋም፤ ልብሱም ቤቱም ዘመናዊ ይባላል። ይሁን እንጂ በሥነ ጥበብ፣ በሕንፃና በሃይማኖት ትምህርት ዘንድ ቃሉ ብርቱ ክርክር ያስነሣ ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. ስፓኛዊው ሠዓሊ ፓብሎ ፒካሶ በፓሪስ አምስት ሴቶችን እንደ ተሰበረ መስተዋት ከፋፍሎ ሣለ፤ ለፊታቸውም መልክ ጥንታዊውን የኢቤርያ ቅርጽና የአፍሪካን ጭምብል ተመለከተ። በዚያው ዓመት በሮም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ ዘመናዊነት የኑፋቄዎች ሁሉ ድምር ነው ሲሉ አወገዙ። መጻሕፍት ቅዱሳት በታሪክ ምርመራ ይታዩ ያለው ፈረንሳዊው ካህን አልፍሬድ ሉዋዚ በ1908 ተወገዘ። ከ1910 እስከ 1967 ድረስም የካቶሊክ ካህናት ዘመናዊነትን የሚክድ መሐላ ይምሉ ነበር።

ሠዓሊውንም ካህኑንም ያስጨነቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ከአባቶች የተቀበልነው መልክ ራሱ እውነት ነው ወይስ የእውነት ልብስ?

በሕንፃ ረገድ ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከአሥመራ የሚበልጥ መስክ የለም። መሐንዲሱ ጁሴፔ ፔታሲ በ1938 የሠራው የፊያት ታልየሮ የቤንዚን ማደያ አውሮፕላን ይመስላል፤ በግራና በቀኝ የተዘረጉት የአርማታ ክንፎቹ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ያህል ሲረዝሙ፣ ከሥራቸው የሚደግፋቸው ዓምድ የለም። ነገር ግን የኢጣልያ መንግሥት በ1937 ኢጣልያዊ ከአገሩ ተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በሕግ ከልክሎ ነበር፤ የከተማይቱም ሠፈሮች በዘር ተለያይተው ነበር። እንግዲህ ሕንፃው ወደ ፊት ሲበር ሕጉ ሰውን ወደ ኋላ ይጎትት ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን የተሠራው የእንዳ ማርያም ካቴድራል ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በአግድም የተዘረጉት የድንጋይ ረድፎቹ የአክሱምን አሠራር ያስታውሳሉ፤ ስለዚህ ምእመኑ አዲሱን ቤት ሲያይ የአባቶቹን እጅ ያውቅበታል።

አሥመራ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባች። ትናንት በገዛ አገራቸው በሕግ የተለዩት ሰዎች ልጆች ዛሬ የእነዚያ ሕንፃዎች ባለቤትና ጠባቂ ናቸው። አዲስ ቅርጽ በአንድ ዓመት ይሠራል፤ ሰው ባልንጀራውን እኩል አድርጎ የሚያይበት ዓይን ግን የሚገኘው ከረጅም ትዕግሥትና ከብዙ ዋጋ በኋላ ነው፤ ያለዚያ ዓይን ዘመናዊነት ባዶ ስም ሆኖ ይቀራል።