የጎደሬ ሽማግሌዎች ጥያቄ

አንባቢ ሆይ፤ ከቦንጋ ተነሥተህ በዋጫ በኩል ወደ ሚዛን የተጓዝህ እንደ ሆነ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየውን ደን ሳታደንቅ አላለፍህም ይሆናል። ከዛፉ ሥር ቡና በቅሏል፤ ከዛፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። አጥር ስለሌለው ግን መንገደኛው ባለቤት የሌለው ዱር ይመስለዋል። በቢሮው ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግቶ ለሚመለከት ሹምማ ይልቁን እንዲሁ ነው።

ከሚዛን አልፎ፤ ከቴፒም ማዶ፤ በጎደሬ ወረዳ የሆነው ነገር ከዚህ አስተያየት የመጣ ይመስለኛል። በ2002 ዓ.ም. መንግሥት በዚያ አገር 3,012 ሄክታር መሬት ቨርዳንታ ሀርቨስትስ ለሚባል የሕንድ ኩባንያ ሻይ እንዲተክልበት ለ50 ዓመት አከራየ። ኪራዩ ለአንድ ሄክታር በዓመት 111 ብር ነው። እስቲ አስላው፤ ጠቅላላው በዓመት 334,332 ብር ይሆናል። የንቡ፤ የማሩና የዱር ቡናው ዋጋ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

እዚህ ላይ ሻይን መጥላት አይገባም። እኛም ዘንድ በውሽውሽ የሻይ ተክል አለ፤ ብዙ ሰው እንጀራውን ይበላበታል። ነገሩ ሌላ ነው። ሻይ ዝናብ የማይለየው ርጥብ አገር ይወዳል፤ እንዲህ ያለው አገር ደግሞ ደን የሚበቅልበት ነው። ስለዚህ የሻይ አልሚ ሲመጣ ዓይኑ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ዛፍ በቆመበት መሬት ላይ ነው። የማጃንግ ሕዝብ ግን ቀፎውን የሚሰቅለው በዚያው ዛፍ ነው። ዛፉ ሲወድቅ ንቡ አበባ ያጣል፤ በጥላው ሥር የነበረው ቡናም ፀሐይ ይመታዋል።

የአገሩ ሰዎች ነገሩን በዝምታ አላለፉትም። ተወካዮቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ላኩ፤ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ተቀብለው አነጋገሯቸው። ፕሬዚዳንቱ ቀድሞም ለደን ጉዳይ የሚቆረቆሩ ሰው ነበሩና በ2003 ዓ.ም. ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ደብዳቤ ጻፉ። ባለሥልጣኑን በዚያን ጊዜ የሚመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። ከዚህ ወዲያ ጉዳዩ ያለቀ ይመስልሃል። አላለቀም፤ ምንጣሮው ቀጠለ። ፕሬዚዳንቱ በሕገ መንግሥቱ ርእሰ ብሔር ናቸው እንጂ አስፈጻሚ አይደሉም፤ ደብዳቤያቸው ይከበራል፤ ውል ግን አያፈርስም።

ታዲያ ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ከሕግ ውጭ ነበርን? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 የአካባቢን ደኅንነት በሚነካ ሥራ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዝዛል። አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲጠና፤ ዘገባውም ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ይደነግጋል። ሽማግሌዎቹ ሩቅ መንገድ ሄደው የለመኑት ቀድሞ ደጃቸው ድረስ ሊመጣላቸው የሚገባውን ነው።

የሚያስገርመው ዘመኑ ነው። የእኛ የከፋ ደን 760 ሺህ ሄክታር በሚያህል ስፋት በዩኔስኮ የተመዘገበው በዚያው በ2002 ዓ.ም. ነው። የማጃንግ ደን ይህን ክብር ያገኘው ውሉ ከተፈረመ ከ7 ዓመት በኋላ፤ በ2009 ዓ.ም. ነው። የአንድ አካባቢ ሁለት ደኖች ናቸው፤ አንደኛው መዝገብ ሲገባ ሁለተኛው ኪራይ ገባ።

አንተም ነገ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ወይም ባለሙያ ትሆን ይሆናል፤ ዛሬ ከሆንህም እንዲህ ያለ ፋይል በእጅህ ሳያልፍ አይቀርም። ያን ጊዜ የጥናቱን ዘገባ ገልጠህ እይ። ብዙ ጊዜ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ቀፎ ሰቃዩ ሽማግሌ ግን የሚናገረው ማጃንግኛ ነው፤ በዋጫም ካፊኛ። በመጨረሻው ገጽ «ሕዝቡ ተወያይቶበታል» የሚል ቃል ብታገኝ፤ ውይይቱ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተደረገ ጠይቅ።