ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ባለፈው ዓመት በበረዶው ወራት፣ አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ቤቴ፣ ቤዝመንት ውስጥ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጫለሁ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀይ መስመር ቀርታለች። ስሙን የማልጠራው የመጋዘን ድርጅት የሠራተኞቹን የሥራ ሰዓት የሚመዘግብበትን ሲስተም እየቀየርንለት ነበር። ከቀሩት ሥራዎች አንዱ «የሌሊት ፈረቃ ስሌት ይሞከር» ይላል። ቀጥሎ ያለው ደግሞ «ሰኞ አዲሱ ሲስተም ሥራ ይጀምር»። የመጀመሪያው አልተሠራም። የሚያጸድቀው አለቃዬ ፈቃድ ላይ ነው፤ ውክልናው እኔ ጋ ነው።

ምን አደረግኩ? ሁለቱንም «አልቋል» ብዬ ዘጋሁ። ራሴ ሠርቼ ራሴ አጸደቅኩ፤ እንዲያውም ያልሠራሁትን ነው ያጸደቅኩት። ሶፍትዌሩ «ቆይ እንጂ!» አላለኝም። መስመሯ አረንጓዴ ሆነች፤ እኔም እራቴን ልበላ ወጣሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ አንዲት የማውቃቸው እናት ያዙኝ። «የኔ ልጅ፣ አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ አይደል? እስቲ ይቺን ወረቀት እይልኝ» አሉና ከቦርሳቸው የደሞዝ ወረቀት አወጡ። የድርጅቱን ስም ሳይ ሆዴ ተገለበጠ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብተው ንጋት 12 ሰዓት ነው የሚወጡት። ሲስተሙ እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑ ሲቀየር የተረፈውን ሰዓት ጥሎታል። 8 ሰዓት ሠርተው 2 ሰዓት ተቆጥሮላቸዋል። «የቤት ኪራይ ደርሷል፤ ደሴ ላለው የወንድሜ ልጅም የትምህርት ቤት ልልክ ነበር። ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን?» አሉኝ።

ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን! እሳቸው!

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ጉዳይ ከአእምሮዬ አልወጣም። በሙያው ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የፕሮጀክት ሶፍትዌር ላይ በሁለት ሥራዎች መካከል ቀስት ይሳላል። «ይህ ሳያልቅ ያ አይጀምርም» ማለት ነው። ብዙዎቻችን ቀስቱን ከሳልን በሩ የተቆለፈ ይመስለናል። አይደለም። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ላይ ቀስቱ ቀን ያሰላል፤ ቀዳሚው ሲዘገይ ተከታዩን ይገፋዋል እንጂ፣ ተከታዩን «መቶ በመቶ ተጠናቋል» ብሎ የሚሞላውን ሰው እጅ አይዝም። ጂራ ላይም አንዱ ሥራ ሌላውን «ያግዳል» ብሎ ማያያዝ ይቻላል፤ አስተዳዳሪው በሥራው ፍሰት ላይ ደንብ ካልጨመረበት ግን ማያያዣው መረጃ ብቻ ነው። በተቃራኒው ሬድማይን አጋጁ ሥራ ሳይዘጋ የታገደውን አያዘጋም። ጊትሃብም በትክክል ከተዋቀረ የሌላ ሰው ይሁንታ ሳይገኝ ኮድ አያስቀላቅልም፤ የራስህን ሥራ ራስህ ማጽደቅም አትችልም። ልዩነቱ በሚናገር ምልክትና በሚቆለፍ በር መካከል ነው።

እዚህ ሚኒሶታ የምንኖር ደግሞ ያልተቆለፈ በር ምን እንደሚያስከፍል የሚያስታውሰን ቦታ አለን። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2007፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ ሚኒያፖሊስ ላይ ሚሲሲፒን የሚሻገረው የአይ-35 ደብሊው ድልድይ ወንዙ ላይ ተደረመሰ። 13 ሰዎች ሞቱ፤ 145 ተጎዱ። ብሔራዊው የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2008 ባወጣው መደምደሚያ፣ ተሸካሚ ብረቶቹን የሚያያይዙት አንዳንድ ጠፍጣፋ ማያያዣዎች ውፍረታቸው ግማሽ ኢንች ብቻ ነበር፤ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። በዓመታት ውስጥ የተጨመረው ክብደትና በዚያን ቀን ለጥገና የተከመረው ቁሳቁስ ሲታከልበት አልቻሉም።

እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን ሌላው ነው። ስህተቱ የተሠራው በ1960ዎቹ፣ ወረቀት ላይ ነው። ንድፍ አውጪው ድርጅት ያ ስሌት በትክክል መሠራቱን የሚያረጋግጥበት አሠራር አልያዘውም፤ የክልሉና የፌዴራሉ መንግሥት ግምገማም አላገኘውም። ድልድዩ በ1967 ተከፈተና 40 ዓመት መኪና አሳለፈ። ፊርማ አልጠፋም። የጠፋው ከፊርማው በፊት መቅደም የነበረበት ሥራ ነው።

አገር ቤትም ያው ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው አስፋልት በተነጠፈ ማግስት ለውሃ ወይም ለስልክ መስመር ሲቆፈር ያላየ የለም። ቧንቧው ይቀድማል፣ አስፋልቱ ይከተላል፤ ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያሻም። መንግሥትም በ2006 ዓ.ም. የመሠረተ ልማት ሥራዎችን የሚያቀናጅ ኤጀንሲ በአዋጅ አቋቁሞ ነበር። ቁፋሮው ግን አልቀረም። ቅደም ተከተሉን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ቅደም ተከተሉ ሳይሟላ ዶዘሩ እንዳይነሳ ማድረግ ሌላ።

«ኧረ ተው! ከቢሮክራሲ ሸሽተን መጥተን አሁን ደግሞ በሶፍትዌር ልትመልሰን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ፊርማ፣ ማህተም፣ ቲተር፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና» ያላንገሸገሸው ማን አለ? እኔም አርብ ዕለት ቀይዋን መስመር ሳይ የታየኝ ያው «ነገ ና» ነው። ሁሉ ነገር ላይ ይሁንታ የሚጠይቅ ሲስተም ሰውን ሳያነቡ መፈረም ያስተምረዋል፤ አሥር ጊዜ ሳያነብ የፈረመ ደግሞ አሥራ አንደኛውንም አያነብም።

ስለዚህ የምለው በሮቹ ይብዙ አይደለም። ይነሱ፤ ያሉት ግን የምር ይቆለፉ። የት ላይ? ጉዳቱ ስብሰባው ውስጥ በሌለ ሰው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ። የሪፖርቱ ቀለም ቢበላሽ እኛው እናፍራለን፤ የሌሊት ፈረቃ ስሌት ቢበላሽ ግን የሚከፍሉት እኚያ እናት ናቸው። ሁለተኛ፣ የሠራው ሰው የራሱን ሥራ አያጽድቅ፤ አለቃ ፈቃድ ሲወጣም ውክልናው ለሠሪው አይሰጥ። ሦስተኛ፣ ቤት ሲቃጠል በር ሰብሮ መውጣት ስለሚያስፈልግ መስበሪያው ይኑር፤ የሰበረው ሰው ግን ስሙንና ምክንያቱን ጽፎ ይስበር። አርብ ዕለት ሶፍትዌሩ «ሙከራው አልተሠራም፤ ለምን ታልፈዋለህ?» ብሎ ባዶ ሳጥን ቢሰጠኝ ምን ብዬ እጽፍ ነበር? «እራት ደርሶብኝ» ብዬ?

የስሌቱ ስህተት በቀጣዩ ሰኞ ተስተካከለ፤ የሁሉም ሠራተኛ ቀሪ ገንዘብ በሳምንቱ ተከፈለ። አለቃዬ ሲመለስ ያደረግኩትን ነገርኩት። ዛሬ በእኛ ቡድን ያቺ መስመር በእኔ እጅ አረንጓዴ አትሆንም፤ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው።

የከበደኝ ለእሳቸው መንገሩ ነበር። ቤታቸው ሄጄ «እትዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ቡናውን ቀዱልኝ። «ሳትሞክረው ነው እንዴ የለቀቅከው?» አሉኝ። «አዎ።» «እኔ እንኳ ወጡን ሳልቀምስ ለእንግዳ አላቀርብም» አሉ።

አገራችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚል ተረት አላት። እኔ ጠምጥሜ ነበር።