ዲማና ስማቸው መንገደኛ የሚያስቆም ጎረቤቶቿ

ከእኛ ጋር አርጁ፣ ከእኛ ጋር አውጉ ብሎ የሚጋብዝ የሚመስል ወረዳ አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? እናርጅ እናውጋ ይባላል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በምሥራቅ ጎጃም ዞን በደብዳቤም በማኅተምም ላይ የሰፈረ ስም ነው። በዚያው ዞን ሁለት እጁ እነሴ አለ፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ አለ፣ በ«ግን» የሚያልቀው ደባይ ጥላትግንም አለ። በእነዚህ ረጃጅም ስሞች መሀል ባለ ሁለት ፊደሏ ዲማ ተቀምጣለች።

ጎጃም ልሄድ ነው ላለኝ ወዳጅ ሁሉ «ጣና ከመድረስህ በፊት ዲማን እይ፣ ጎረቤቶቿንም በየስማቸው ጠይቅ» እለዋለሁ። በስሞቹ መሳቅ አይከለከልም፤ ግን ስቆ ማለፍ ኪሳራ ነው። መሬቱ እንዴት እንደተከፈለ፣ ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚቆም፣ ደብሩ ማን እንደሆነ፣ ኮረብታው ምን እንደሚያበቅል ብዙዎቹ በስማቸው ይናገራሉ። እስቲ ከመንገዱ እንጀምር።

እንዴት ይደረሳል?

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ መንገዱ ወደ አባይ በረሃ ያዘቀዝቃል። ጆሯችሁ ድፍን ይላል፣ ደጋ ላይ የደረባችሁትን ጋቢ ትጥላላችሁ፤ በጃፓን ድጋፍ የተሠራውን አዲሱን ድልድይ ተሻግራችሁ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አብዛኛው መንገደኛ በሉማሜ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ያቀናል። እናንተ የብቸናውን ያዙ። ይኸኛው በየትመን አድርጎ ብቸና ይገባል፤ ከዚያ ደብረ ወርቅ፣ ጉንደ ወይን፣ ሞጣ እያለ ባሕር ዳር ይደርሳል። ዲማ ያለችው ብቸናን ዋና ከተማው ባደረገው በእነማይ ወረዳ ነው።

ሁለት ነገር አስታውሱ። «ዲማ እሄዳለሁ» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ጋምቤላ ውስጥ ሌላ ዲማ አለና «የጎጃሟ፣ ዲማ ጊዮርጊስ» በሉ። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ፣ መናኸሪያ ከመሄዳችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ከአካባቢው ሰው አጣሩ።

የትመን ስትደርሱ አፈሩን በመስኮት እዩት። ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ የሚነጥቅ፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ። ይህ አፈር ነው ነጩን የጎጃም ጤፍ የሚሰጠው። የኢኮኖሚ አጥኚዎች ደግሞ የትመንን ለሌላ ነገር ያውቋታል። በኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች ጥናት ኑሯቸው በየጊዜው እየተመላለሱ ከተጠየቁ መንደሮች አንዷ ናት።

ዲማ፤ የቅኔም የልብወለድም አገር

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ስሟ ግን ከሷ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ምክንያቱ የጊዮርጊስ ገዳሟ ነው። የገዳሙ ትውፊት ተከሥተ ብርሃን ከተባሉት ጻድቅ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ለብዙ ትውልድ የቆሎ ተማሪ ከሩቅ አገር ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ የሚመጣበት የትምህርት ቦታ ሆኖ ኖሯል።

የቅኔ ትምህርት እንዴት እንደሚሄድ የማያውቅ መንገደኛ ዲማን አይቶ ምንም ሳያይ ሊመለስ ይችላል። ከዛፍ ሥር ነጠላውን ተከናንቦ የተቀመጠ ልጅ ብታገኙ ተኝቷል ብላችሁ አትቀስቅሱት፤ ቅኔ እየቆጠረ ነው። መቁጠር ሲሉ ቁጥር አይደለም፤ በግእዝ አዲስ ቅኔ በሐሳቡ እያበጀ፣ ቤቱን እየመታ፣ ሰምና ወርቁን እያጋጠመ ነው። ጀማሪው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ እየበረታ ሲሄድ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ከዚያ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። የኔታ ጸያፉን ይነቅሱለታል፣ ያቃኑለታል፤ ወይም አፍርሰህ ሥራው ይሉታል። የትናንቱን ቅኔ ለዛሬ ማምጣት አይቻልም። ቅኔ የሚደገም ጸሎት አይደለም፤ ለዕለቱ ይፈጠራል፣ ለዕለቱ ይባላል።

ዲማን ለመላው አማርኛ አንባቢ ያስተዋወቀው ግን ከዚሁ ትምህርት የወጣ ሰው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ፤ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀሰሙ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልብወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ዋና ነገሮቹን ያካሄደው እዚሁ ነው። ማንኩሳ የተወለደው በዛብህ ለትምህርት ዲማ ይመጣል፤ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ይገባል፤ የቀረውን ያላነበባችሁ አንብቡት። ያላነበበም ቢሆን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ብዙ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የአገሬውን ሥርዐት እየነቀፈ እውነት የሚናገረውን ካሳን ሰው «ጉዱ ካሳ» ብሎታል። የአካባቢውን ስም አወጣጥ ከወደዳችሁ ይህንንም ከዝርዝሩ ጨምሩት፤ አንዲት ቅጽል ሰውየውንም ከሳሾቹንም ትገልጣለች።

ጎረቤቶቿ

አሁን ወደ ስሞቹ። ከሂሳቡ ብንጀምር ይሻላል። ሁለት እጁ እነሴና ጎንቻ ሲሶ እነሴ ጎን ለጎን ናቸው፤ የመጀመሪያው ዋና ከተማ ሞጣ፣ የሁለተኛው ጉንደ ወይን። ሲሶ ከሦስት አንዱ ነው፤ ሁለት እጅ ደግሞ ከሦስት ሁለቱ። ደምሯቸው፤ እነሴ ሙሉ ይሆናል። የድሮው የመሬት ሥሪት በሦስት መክፈልን በደንብ ያውቀዋል፦ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ላራሽ ይባል ነበር። የሰው መሬት ያረሰ ገበሬም ምርቱን በአውድማው ላይ ሲሶ፣ እኩል፣ ሁለት እጅ እያለ ነው የሚካፈለው። ሌላ አገር ወረዳውን ሰሜንና ደቡብ ብሎ ይከፍል ይሆናል፤ እነሴ ግን በአውድማ ቋንቋ ተከፍሎ ቀርቷል።

ገበያም ስም ያወጣል። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያለው የስናን ወረዳ ዋና ከተማ ሮብ ገበያ ነው። ቀኑን መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ጮቄ ራሱ የጨሞጋ፣ የሙጋ፣ የሱሃና የሌሎች ብዙ ወንዞች መነሻ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ ሮብ ጠዋት ስትሄዱ ልብስ ደርቡ። ወደ ደቡብ፣ ባሶ ሊበን ወረዳ ውስጥ ያለችው የጁቤ በ19ኛው መቶ ዘመን የባሶ ገበያ የሚባለው ታላቅ ገበያ የሚቆምባት ነበረች። ከአባይ ማዶ፣ ከግቤ አገሮች የመጣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ያሳዝናል እንጂ ሰውም በባርነት ይሸጥባት ነበር። ሊበን የሚለው ስምም ከአባይ ማዶ በብዙ የኦሮሞ አካባቢዎች ይገኛል፤ ወንዙ ሰውንም ስምንም አላገደም።

ከዚያ ደብሮቹ አሉ። የእናርጅ እናውጋ ዋና ከተማ ደብረ ወርቅ ናት፤ ኮረብታዋ ላይ ያለችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን በሥዕሎቿ ዝነኛ ናት። የእነብሴ ሳር ምድር ዋና ከተማ መርጡለ ማርያም ውስጥ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መባቻ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ፤ ጥርቡን ድንጋይና የተቀረጸውን ጌጥ ቀረብ ብላችሁ እዩት። የወረዳውን ስምም አትርሱ፤ ሳር ምድር ለከብት አርቢ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም። ደብረ ማርቆስ እንኳ ድሮ መንቆረር ነበረች፤ በቤተ ክርስቲያኑ ስም እንድትጠራ ያደረጉት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የሐዲስ ዓለማየሁ ትውልድ ስፍራ እንዶዳምም እንዶድ የበዛበት ማለት ነው፤ ሳሙና ሳይመጣ በፊት የት ሄዶ ልብስ እንደሚታጠብ ይነግራል።

ብቸናን የሰማ ሁሉ ብቸኛ ትመስለዋለች፤ ግን የብቸና ስም ከበላይ ዘለቀ ጋር ነው የሚነሣው። ጣልያንን በዚህ አገር ያስጨነቀው አርበኛ ለተከታዮቹ ማዕረግ ሲያድል ራሱ ያለ ማዕረግ ቀረ ይባላል። «ላንተስ?» ሲሉት «እናቴ በላይ ብላ ሰይማኛለች» አለ እየተባለ ይተረካል። ከድል በኋላ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ፤ መልሱ ግን ዛሬም በየጠላ ቤቱ ይጠቀሳል።

በጆሮ ብቻ የሚያስቁም አሉ። የደባይ ጥላትግን ዋና ከተማ ቁይ ናት። ሹፌሩ «ቁይ!» ብሎ ሲጣራ እንግዳ ሰው ቆይ የተባለ መስሎት ቆሞ ይቀራል። ደጀን ወረዳ ውስጥ ያለችው የትኖራ ደግሞ በደርግ ዘመን በአምራቾች ማኅበሯ የታወቀች ነበረች፤ ስሟን ለሚሰማ ግን ጠፍታ የተገኘች ሴት ትመስላለች። እነብሴ፣ እነሴ፣ እነማይ ሲደረደሩም «እነ እገሌ» እየተባለ ቤተሰብ የሚጠራ ይመስላል። እናርጅ እናውጋም ከዚሁ ወገን ነው፤ ግብዣው የኛ ጆሮ ጨዋታ እንጂ የስሙ ታሪክ አይደለም። ሰምና ወርቅ የለመደ አገር ላይ ሆናችሁ ግን ጨዋታውን አትንፈጉት።

እንዲህ ያለ ስም ሆን ተብሎ የሚሠራበት አገርም አለ። በዌልስ 58 ፊደል ያለው የአንዲት መንደር ስም በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. የባቡር መንገደኛ ለመሳብ የተረዘመ ነው። የጎጃሞቹን ያረዘማቸው ቱሪስት አይደለም፤ ክፍፍል፣ አገልግሎትና ጎረቤትነት ነው።

መጨረሻ ላይ ወደ ሞጣ ከዘለቃችሁ ሰባራ ድልድይን ጠይቁ። በአፄ ፋሲል ዘመን በአባይ ላይ የተሠራው ይህ ድልድይ በጣልያን ጊዜ መካከሉ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ሰው በገመድ እየተሳበ ከወዲያ ወዲህ ይሻገር ነበር። ይህንኑ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣ «ናሽናል ጂኦግራፊክ» ላይ ያየ አሜሪካዊ ሊጠግነው ተነሣ፤ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ» የተባለው፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራው ድርጅት የተወለደው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥገናውን በኋላ ጎርፍ ጎዳው፤ በአቅራቢያው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ሰው ይሻገራል፤ ስሙ ግን ሰባራ እንደሆነ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

ዲማን ለማየት ከተቻለ ወሩ በገባ በ23 ሂዱ፤ የጊዮርጊስ ቀን ነው። ዓመታዊው ሚያዝያ 23 ከሆነማ ካህናቱ ቅኔ ሲቀኙ ትሰማላችሁ። ግእዝ ባታውቁ አትፈሩ፤ ከጎናችሁ ያለው ሽማግሌ ፊት ላይ ወርቁ መቼ እንደተገኘ ይታያል። መምህሩን የኔታ፣ መነኩሴውን አባ፣ ሽማግሌውን አባቴ፣ እናቶችን እማማ በሉ፤ አንቱታውንም አትዝለሉ። ለተማሪ ገንዘብ ከመዘርጋት ዳቦ ወይም ቆሎ ይዞ መሄድ የተሻለ ወግ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጠላ ቀርቦ ሰው ሲዝናና «ይህ አገር ለምን እንዲህ ተባለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ የሚነግራችሁን ሌላው ያፈርሰዋል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ያርማል፣ ማንኪያ የያዘችው ባለቤት ደግሞ ሦስቱንም ታስቃለች። መልሱን ሁሉ ጻፉት፤ ሲሶውን እመኑ፣ ሁለት እጁን ተደሰቱበት።